ስዊች የምትባለው ትንሽ ሣጥን



ሰሞኑን ብዙ ወላጆች መንገድ ላይ፣ የውኃ ወረፋ ላይ፣ ራሽን በምንቀበልበት ቦታ ሳይቀር፣ «በእናንተ ግቢ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ በኮምፒዩተር የሚያጠኑት እንዴት ነው? ኢንተርኔት አስገባችሁ እንዴ?» እያሉ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በየደጁ ከማስረዳት፣ በዚህች በትምህርት ቤታችን ልሳን ላይ ባሰፍረው ለሁሉም ይዳረሳል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። መልሱን ከወዲሁ ልናገር። ኢንተርኔት አላስገባንም። ያስገባነው ስዊች የሚባል፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከውጭ አንዳች ነገር አያመጣም። በቤት ውስጥ ያለውን ግን ሁሉም ሳይሻማ ባንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ለእኛ ግቢ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለ ስሙ ትንሽ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ስዊች ሲባል የምናስበው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያውን ነው። ኔትወርክ ሲባልም የስልክ ሞገድ ይመስለናል፤ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» የምንለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን ኔትወርክ ማለት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መረብ ማለት ነው። ስዊች ደግሞ የመረቡ ገመዶች ሁሉ የሚገጣጠሙበት፣ መልእክት ተቀብሎ ለባለቤቱ የሚያደርስ መሣሪያ ነው።

ችግራችን ምን ነበር?

እኛ የምንኖረው ካኩማ ውስጥ፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። በሁለቱ ቤት 5 ተማሪዎች አሉ። የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ፎርም ፎር ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ለሚሰጠው የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ይዘጋጃል። የእኔ ሴት ልጅ 8ኛ ክፍል ናት። የቀሩት ሦስቱ ታናናሾች ናቸው።

በእኛ ቤት አንድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አለ። በውስጡም ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ተጭነዋል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። ኮሊብሪ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን በቪዲዮና በመልመጃ ያቀርባል። ኪዊክስ ደግሞ ውክፔዲያ የተባለውን መዝገበ ዕውቀት፣ የአማርኛውን ጭምር፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አስቀምጦ ያስነብባል። ከዚህ ሌላ እኛም ጎረቤቶቻችንም አንዳንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አለን። ነገር ግን የላፕቶፖቹ ማስቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ያን ሁሉ ትምህርት አይዝም።

ኤሌክትሪክ የምናገኘው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። 4 ሰዓት ለ5 ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 48 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። ፈተና የደረሰበት ልጅ «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ሲል አንድ ሰዓት ያልፋል። ታናናሾቹ ያለቅሳሉ። ልጄ እናቷን ረድታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ዕቃ አጥባ እስክትመጣ ድረስ ተራዋ ያለፈባት ሌሊት ብዙ ነው። እሷም አትከራከርም፤ ደብተሯን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ወላጆች ተሻገረ። ጎረቤታችን «ልጄ የሚፈተነው በዓመት አንዴ ነው» አለች። ባለቤቴ «የእኔዋስ ልጅ አይደለችም?» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ቡና መጠራራት ቀረ። በስደት አገር ጎረቤት ማለት ዘመድ ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሽታ ሲመጣ በሌሊት የምትጠራው እሱን ነው።

ስዊች ምን ይሠራል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የቀይ መስቀል መልእክት ለስደተኞች ሲመጣ በሁለት መንገድ ሊታደል ይችላል። አንደኛው፣ አንድ ሰው አደባባይ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሁሉንም ስም ይጠራል። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰማል፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ዝም ማለት አለበት። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዱን ሰው ዞን፣ ብሎክና ቤት የሚያውቅ አዳይ ደብዳቤውን በቀጥታ ለባለቤቱ ያደርሳል። በድሮ ጊዜ ሐብ የሚባል መሣሪያ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ሰው ነው። ስዊች እንደ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በገመድ የሚገናኝበት ክፍል ከፋብሪካው የተሰጠው 12 ምልክት ያለው የራሱ ቁጥር አለው። ስዊቹ መልእክት በመጣለት ቁጥር «ይህ ቁጥር የገባው በ3ኛው ቀዳዳ ነው» ብሎ በመዝገቡ ይይዛል። ሌላ ጊዜ ለዚያ ቁጥር የተላከ ነገር ሲመጣ በ3ኛው ቀዳዳ ብቻ ያስወጣዋል። ቁጥሩን ገና ካላወቀው ወደ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ይልከዋል፤ ባለቤቱ መልስ ሲሰጥ ቦታውን ይማራል። ይህን ሁሉ ማንም ሳያዘው ራሱ ያከናውናል።

የታሪኩን ነገር ላነሣ፣ ኮምፒዩተሮችን በዚህ ዓይነት ገመድ የማገናኘት ዘዴ፣ ኢተርኔት የሚባለው፣ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ዜሮክስ በተባለው ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ፈልሳፊዎቹ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ናቸው። በመጀመሪያ ሁሉም ኮምፒዩተሮች አንድ ገመድ ይጋሩ ስለነበር አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ካልፓና የተባለ ኩባንያ 7 ቀዳዳ ያለው የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲስኮ ገዛው። እንግዲህ የእኛ ልጆች የተጣሉበት የተራ ጉዳይ መሐንዲሶቹንም አስቸግሯቸው ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ የትልልቅ መሥሪያ ቤት ዕቃ የነበረው ዛሬ በተራ ሱቅ ይሸጣል።

የውስጥ መንገድና የውጭ መንገድ

ወላጆች ከሁሉ በላይ ልትረዱት የሚገባው ይህ ነው። ኢንተርኔት የውጭ መንገድ ነው፤ ባለፋችሁበት ቁጥር ትከፍላላችሁ፤ መንገዱም ጠባብ ነው። በስዊች የተገናኙ ኮምፒዩተሮች ያላቸው መንገድ የውስጥ መንገድ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ሰፊም ነው።

በቁጥር ላሳይ። 1 ጊጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ ክምችት 8,000 ሜጋቢት ያህል ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚያመጣ ኢንተርኔት ይህን ለማውረድ 1,600 ሴኮንድ፣ ማለት 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሌላ ሰው አብሮ ከተጠቀመ ደግሞ ይረዝማል። ከተራ ስዊች ጋር በተያያዘ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያልፍበት ገመድ ግን በስሌት 80 ሴኮንድ ነው። በተግባር ትንሽ ቢጨምርም ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ይህን ስዊች ብትገዙ ኢንተርኔታችሁ ይፈጥናል» ወይም «ኢንተርኔት ያመጣላችኋል» ቢላችሁ አትመኑ። ለእኔም አንድ ነጋዴ ይህንኑ ብሎኛል። ስዊች ቧንቧ ቢሆን እንኳ ምንጭ አይደለም።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

አንደኛ፣ በእርግጥ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ መርምሩ። ዋይፋይ የሚሰጥ ራውተር ያላችሁ ሰዎች ጀርባውን አዙራችሁ ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው 4 ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። እነዚያ ራሳቸው ስዊች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ካልፈለጋችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። በቤታችሁ ያለው ስልክ ብቻ ከሆነም ስዊች ብቻውን አይጠቅማችሁም፤ ስልክ በገመድ ሳይሆን በዋይፋይ ነው የሚገናኘው። እኛ ስዊች የመረጥነው የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ዋይፋይ ስለሌለው፣ የአንዱ ላፕቶፕም ዋይፋይ ስለተበላሸ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን ቁጠሩ። ለቤት ባለ 5 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ይበቃል። ወደፊት ራውተር ብታስገቡ አንዱን ቀዳዳ እሱ እንደሚወስደው አስቡ። እኛ 3 ኮምፒዩተር ስላለን ባለ 5 ገዛን።

ሦስተኛ፣ ቀላሉን ውሰዱ። ስዊች በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለሙያ ተቀምጦ የሚያስተካክለው የመሥሪያ ቤት ስዊች ነው። ሁለተኛው ገመድ ሲሰካበት ወዲያው የሚሠራ ነው። ለቤት የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች በርካሽ ቢቀርብላችሁም አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ በውስጡ ማራገቢያ አለው፤ ይጮኻል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የቱርካናን አቧራም ወደ ሆዱ ይስባል። ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ሣጥን ለአገራችን ሙቀትና አቧራ ይሻላል ቢባል ስሕተት የለበትም፤ አገራችን ያልኩት አሁን የምንኖርበትን ነው።

አራተኛ፣ ፍጥነቱን እዩ። አንዳንዱ በሴኮንድ 100፣ አንዳንዱ 1,000 ሜጋቢት ያሳልፋል። ለንባብና ለትምህርት ቪዲዮ 100ው ከበቂ በላይ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 1,000ውን መውሰድ አይከፋም፤ ኮምፒዩተሮቹ አሮጌ ከሆኑ ግን ጥቅሙ ላይታይ ይችላል።

አምስተኛ፣ አዳፕተሩን ከራሱ ጋር ውሰዱ። ይህ ብዙ ሰው የሚያቃልለው ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ትንንሽ ስዊቾች አንዳንዶቹ በ5 ቮልት፣ አንዳንዶቹ በ9፣ አንዳንዶቹም በ12 ቮልት ይሠራሉ። ጫፉ ስለገባ ብቻ ባለ 12 ቮልቱን በ5 ቮልቱ ላይ ብትሰኩ ሣጥኑ ይቃጠላል። በስዊቹ ላይ የተጻፈውንና በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አመሳክሩ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም አንድ መሆን አለበት። የኬንያ መስመር 240 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ዘመድ ከኢትዮጵያ ያመጣው ባለ ሁለት ክብ እግር ከሆነ መለወጫ ያስፈልገዋል።

ስድስተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት አስፈትሹት። ገመድ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በተራ ሰክታችሁ፣ በሌላው ጫፍ ኮምፒዩተር አብርታችሁ፣ መብራቱ ይበራ እንደሆነ እዩ። መብራቱ ከበራ ግንኙነቱ አለ፤ ብልጭ ድርግም ካለ መልእክት እያለፈ ነው።

የኤሌክትሪክ ወጪው አያስፈራም። እንዲህ ያለ ትንሽ ስዊች የሚፈጀው ጥቂት ዋት ነው። 3 ዋት ብንል፣ በቀን 4 ሰዓት ሲሠራ በ30 ቀን 360 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

ስትተክሉትና ስትጠቀሙበት

ገመድ ስትገዙ በላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካት 5ኢ የሚለው ለቤት በቂ ነው። ከአንድ መሣሪያ እስከ ሌላው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ነገር ግን ከውስጥ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተለበጠ ርካሽ ገመድ ገበያ ላይ አለ። ቀጭኗን ሽቦ በቢላዋ ብትፍቋት ውስጧ ነጭ ከሆነ እሱ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል።

እኛ ገመዱን በጋራው ግድግዳ በትንሽ ቀዳዳ አሳለፍነው እንጂ በውጭ በኩል አልወሰድነውም። ተራው ገመድ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሽፋኑ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ከቤት ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ ገመድ ደግሞ መብረቅ ባለበት ጊዜ ኃይል ስቦ ስዊቹንም ኮምፒዩተሩንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ሰውንም ይጎዳል። ስለዚህ በተለያየ ቤት የምትኖሩ ሰዎች ባለሙያ ሳታማክሩ እንዲህ አታድርጉ። ነጎድጓድ ሲጀምርም አዳፕተሩን ንቀሉ።

ስዊቹን ግድግዳ ላይ፣ ልጅ ከማይደርስበትና ከውኃ ጀሪካን ራቅ ካለ ቦታ ስቀሉት። ሙቀቱ እንዳይታፈን በጨርቅ አትሸፍኑት። የማትጠቀሙባቸውን ቀዳዳዎች በፕላስተር ብትደፍኗቸው አቧራ አይገባም።

አንድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ሁሉም ኮምፒዩተሮች ባንድ ጊዜ መገናኘት አቆሙ። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ እኩል በፍጥነት ይርገበገባሉ። ነገሩ ሲታይ፣ ታናሹ ልጅ ተንጠልጥሎ ያየውን የገመድ ጫፍ «ቦታው እዚህ ነው» ብሎ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶታል። የገመዱ ሁለት ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ገቡ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ለሁሉም የተላከ መልእክት መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፤ እየተባዛም መንገዱን ይዘጋል። ገመዱ ሲነቀል ወዲያው ተስተካከለ። ልጁን አልተቆጣነውም፤ ምክንያቱን አስረዳነው፤ አሁን ለሌሎች የሚያስረዳው እሱ ነው።

ሌላው የቁጥር ጉዳይ ነው። ራውተር ባለበት ቤት ለኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው። ስዊች ግን አድራሻ አያድልም። እኛ ራውተር ስለሌለን በእጃችን ሰጠናቸው። ለጠረጴዛው ኮምፒዩተር 192.168.1.10፣ ለላፕቶፖቹ 192.168.1.11 እና 192.168.1.12 አልናቸው፤ ማስክ በሚለው ቦታ ለሁሉም 255.255.255.0 ጻፍን። ከዚያ በላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔት በምንከፍትበት ፕሮግራም 192.168.1.10:8080 ብለን ስንጽፍ ኮሊብሪ ይከፈታል። የመጨረሻው 8080 ኮሊብሪ ሲጫን ይዞት የሚመጣው የበር ቁጥር ነው።

ወላጆች ስለ ደኅንነት መጠየቃችሁ አይቀርም። ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ መረብ ከውጭ የሚገባ መጥፎ ነገር የለም። ነገር ግን በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በዚሁ ገመድ ሊሻገር ይችላል። ስዊች ክፉውን ከደጉ አይለይም። ስለዚህ የማይታወቅ ፍላሽ እንዳይሰካ በሁለቱም ቤት ተስማምተናል።

ለተማሪዎች

ገመድ መግጠምን ተማሩ፤ ሙያ ነው። በገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በሁለቱም ጫፍ የተለመደው አሰላለፍ ይህ ነው፦ ነጭ ባለ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ባለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ባለ ቡናማ፣ ቡናማ። በቃላችሁ ያዙት። የጎረቤታችን ልጅና የእኔ ልጅ ሁለቱን ገመዶች ራሳቸው ገጥመዋቸዋል። አንዱ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ በሦስተኛው ሠራ።

ዛሬ ምን ተለወጠ? ሦስት ልጆች በሦስት መሣሪያ ባንድ ሰዓት ያጠናሉ። 4 ሰዓት በ3 ሲባዛ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ለ5 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ቀድሞ 48 ደቂቃ ነበር። ተፈታኙ ልጅ በቤቱ፣ በእናቱ ላፕቶፕ ይሠራል። ልጄ ዘግይታ ብትመጣም የሚጠብቃት ቦታ አለ። ታናናሾቹ በጠረጴዛው ላይ ይቀያየራሉ። የስዊቹን ዋጋ ሁለቱ ቤት በእኩል ከፍሏል፤ ስለዚህ የማንም ውለታ የለበትም። ቡናው ወዲያውኑ አልተመለሰም። የተመለሰው ልጆቹ ገመዱን በግድግዳው ቀዳዳ ሲያቀባብሉ እናቶቹ በዚያው ቀዳዳ መነጋገር ከጀመሩ በኋላ ነው።

ወገኖቼ፣ ከውጭ እስኪመጣልን የምንጠብቀው ብዙ ነገር አለ። ወረቀት እንጠብቃለን፣ ራሽን እንጠብቃለን፣ የጉዞ ጥሪ እንጠብቃለን። እነዚህ በእጃችን አይደሉም። በቤታችን ያለውን ዕውቀት ለልጆቻችን በእኩል ማዳረስ ግን በእጃችን ነው። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ሁለት ሦስት ቤት ተባብሮ ይገዛዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ አበው!

ጥያቄ ያላችሁ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ በክፍል ብታገኙኝ ስዊቹንም ገመዱንም ይዤ መጥቼ አሳያችኋለሁ።

በቸር ይግጠመን።